በዘሀራ ጉም ላይ የማልኩት መሐላ

ይህን ለሚስቴም፣ ለልጆቼም፣ አብረውኝ ለሚሰግዱትም ተናግሬ አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ግን በመጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ስሙኝ፤ ማንነቴን ካላወቃችሁ ጥፋቴ ትንሽ ይመስላችኋል።

ይማም እባላለሁ፤ የኮምቦልቻ ሰው ነኝ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ጋራዥ ግድግዳ ላይ ከተለጠፉ ማስታወቂያዎች ነው። የወፍጮ ሞተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ ጄኔሬተር፣ ፈትቼ መልሼ ያልገጠምኩት የለም። ከቢስቲማ ድረስ ሞተር እያስጫኑ ይመጡልኝ ነበር። ከሙያዬ ይልቅ ግን የምኮራው በቃሌ ነበር። ሰው ለቲማቲም ዋጋ ወላሂ ሲል እኔ በአላህ ስም ምዬ አላውቅም ነበር። «ይማም ይሠራል ካለ ይሠራል» ይባላል፤ በዚያው ያልቃል።

ሀጂ አደም የልጆች መዝናኛ ሲከፍት በስልኩ የውጭ አገር ዳይኖሰር አሳየኝ። አንገቱን ያዞራል፣ አፉን ይከፍታል፣ ይጮሃል። «ይቻላል?» አለኝ። «ቀላል ነው» አልኩት። አንገቱንና ጅራቱን ከአሮጌ ጭነት መኪና በፈታሁት የዝናብ መጥረጊያ ሞተር አንቀሳቀስኩ። ቆዳውን ከፍራሽ ስፖንጅ ቀረጽኩ። ድምፁን ከበሬ ጩኸትና ከመኪና ጥሩምባ ቀላቀልኩ፤ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል።

እግሩ ግን አልሄደም። ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ አቃተኝና ሲሚንቶ ላይ በብሎን አሰርኩት። ልጆቹ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ወዲያው ብሎኑን አዩት። አንዱ ጎረምሳ «አቦ፣ ዳይኖሰሩ ታስሯል፤ ዋስ ጥሩለት!» አለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ዋስ ጥሩለት እያለ ይስቅ ጀመር።

ዘሀራ መዝናኛው ውስጥ ዥዋዥዌ የምትጠብቅ ሴት ነበረች። አረብ አገር ሳለች የሰርግ አዳራሽ ስታጸዳ ሙሽሮች ሲገቡ የሚለቀቀውን ጭስ አሠራር በዓይኗ ቀስማለች። ማንም አላስተማራትም። ይኼንን ልብ በሉልኝ፤ እኔ ማንም ያላስተማረኝ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ የምኖር ሰው ነበርኩ። «ሀጂ፣ የጋሼን እንስሳ ጉም ላልብሰው?» አለች። የጭስ ማሽን ተገዛላት። ግሊሰሪን በውሃ በጠበጠች። ጭሱ ትኩስ ስለሆነ ወደ ላይ ሲበተንባት በረዶ በሞላ በርሜል ውስጥ አሳለፈችው። ቀዝቅዞ መሬት ለመሬት ይሳብ ጀመር።

ለደሴ ሰው ጉም ምኑ ነው? በኮምቦልቻ ሙቀት፣ በቀትር፣ ጉም በመሬት ሲሳብ ግን ሰው የያዘውን ጥሎ አየ። ሲሚንቶው ጠፋ። ብሎኑም የኤሌክትሪክ ሽቦውም ጠፋ። የእኔ ዳይኖሰር ከጉሙ ወጥቶ የሚመጣ መሰለ። ልጆች እየጮኹ በየእናታቸው ቀሚስ ውስጥ ገቡ፤ ደግመው ለማየት ተመለሱ። ዋስ ጥሩለት የሚል ጠፋ።

መደሰት አልነበረብኝም? እኔ ያቃተኝን ሸፈነችልኝ። እኔ ግን ሰው «ጉሙን ማን ሠራው?» ባለ ቁጥር ደረቴ ይቃጠል ነበር። እሷ «የጋሼ ይማም ሥራ ነው፤ እኔ አለበስኩት እንጂ» ትላለች። ትሕትናዋም አቃጠለኝ። ብትኮራ ምነው? ብትኮራ መጥላቱ ይቀለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ከቦሩ ሜዳ የመጣች እናት ልጇን ይዛ በሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። «ሳምንቱን ሙሉ ሲያስለው ከረመ፤ ዛሬ ሻል ቢለው ነው ያመጣሁት» አለችኝ። በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰማሁ። ልጁ ጉሙ አጠገብ ሲቆም ሳሉ ተነሣበት፤ እያጣጣረ እናቱ አቅፋው ወደ ክሊኒክ ሮጠች። ሰው ተሰበሰበ። ሀጂ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሽ ይማም፣ ጉሙ ነው እንዴ?»

የሰማሁትን መናገር እችል ነበር። ጉሙ አባብሶበት እንደሆነ አላውቅም፤ ሳል ያለበት ልጅ ይራቅ ማለት በቂ ነበር። እኔ ግን «ወላሂ፣ ይሄ ጉም መርዝ ነው» አልኩ። አውቅ ነበር? ምንም አላውቅም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ያልማልኩትን መሐላ ለዚያ አወጣሁት።

ዘሀራ አልተከራከረችም። «እርስዎ ከማሉማ…» አለች። በረዶውን መሬት ላይ ገለበጠችው። በዚያው ሄደች።

ወሩ ሳይሞላ ለሀጂ «ማንንም የማይጎዳ ጉም አገኘሁ» አልኩት። ያው ግሊሰሪን፣ ያው ውሃ፣ ያው በርሜል። በርሜሉን ብቻ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት። ያ ልጅ ድኖ ከእናቱ ጋር ተመልሶ መጣ፤ በእኔ ጉም ውስጥ ሲሯሯጥ ዋለ፣ አንዴም አላሳለውም። ያኔ እንኳ መናገር አልችልም ነበር? እችል ነበር፤ አልፈለግኩም።

ባለፈው ዓመት ደሴ መናኸሪያ ላይ አንዲት አትክልት የምትሸጥ ሴት ትከሻዬን ሳመችኝ። ዘሀራ ናት። «ጋሼ፣ ያ ልጅ እንዴት ሆነ? በየሶላቴ ዱአ አደርግለታለሁ» አለችኝ።

«አብሽሪ፣ ድኗል።»

ማልቀስ ጀመረች። «አልሐምዱሊላህ! እርስዎ ባይኖሩ ስንቱን ልጅ እገድል ነበር» ብላ መረቀችኝ። ምርቃቷን አሜን ብዬ ተቀበልኩ። ካሮት በፌስታል ሰጠችኝ፤ እሱንም ተቀበልኩ። ሚኒባሱ ሲሞላ ተሳፍሬ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

ሸይጣን አሳሳተኝ አልልም። እርጅና ነው አልልም። እኔ ነኝ፤ ቅናት ነው። ዘሀራ፣ ጉምሽ መርዝ አልነበረም። አፉ በይኝ ብዬ ደጅሽ መምጣት ሲገባኝ ለማያውቁኝ ሰዎች እጽፋለሁ፤ ይህም አንድ ፍርሃት ነው።

እንግዲህ በእጄ የሠራሁት ይህ ነው። ማንም ሳያስተምረኝ ሞተር ፈትቼ ገጠምኩ። ከስፖንጅና ከብረት አውሬ ሠራሁ፤ አንገቱን አዞርኩ፣ አስጮህኩት። የሌላ ሰው በርሜል ቀባሁ። ጉሙን የእኔ አደረግሁ፤ ዛሬም የምለቀው እኔ ነኝ። የተከበረ ቃሌን ለሐሰት አዋልኩ። ለአንዲት ንጹሕ ሴት ደግሞ በየሶላቷ የምታለቅስበት ወንጀል ሠርቼ ሰጠኋት፤ ከሠራሁት ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ሳይበላሽ የቆየው እሱ ነው።