የኒስ አውቶቡስ ሊነሣ ሩብ ሰዓት ሲቀረው

ባለፈው ዓርብ ማለዳ ፍራንክፈርት ባቡር ጣቢያ ጎን፣ ሁለት ሻንጣና አንዲት ያኮረፈች ሚስት ይዤ አውቶቡስ እጠብቅ ነበር። ከሦስቱ የትኛው እንደከበደኝ አትጠይቁኝ...

ጉዞውን የገዛችልን ልጃችን ሂሩት ናት። ሦስት ሌሊት፣ ፈረንሳይ አገር ኒስ ከተማ፣ ከባሕሩ ዳርቻ። ከራይዘቢሮው፣ ከጉዞ ወኪሉ፣ ያመጣችው ወረቀት ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ፀሐይ ስትጠልቅ ተቃቅፈው ቆመዋል። ከሥሩ «ለፍቅረኞች» ይላል። እኔ ሰባ ሊሞላኝ ነው። ጉልበቴ ደረጃ ገና ሲያይ ይጮኻል። ተቃቅፌ ብቆም እንኳ እንዳልወድቅ ብዬ ነው።

ሂሩትም ለሽርሽር ብላ አይደለም። እኔና እናቷ አስካለ ከተኳረፍን አምስት ሳምንት ሆኖን ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነው። አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹን እንድመክር አስነሡኝ። ማይክ ስይዝ ደግሞ ምላሴ አያርፍም። «ልጆቼ፣ የደረሳችሁን ተቀበሉ» አልኩ። «እኔ ሽማግሌ የላክሁት ለሚስቴ ታላቅ እህት ነበር። ዕጣዬ አስካለ ሆነችና ይኸው ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖርን!» አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አስካለ ብቻ ሳህኗን እያየች ቀረች።

ከዚያ ወዲህ የምታናግረኝ በስልክ ነው። ያውም በቀጥታ እንዳይመስላችሁ! ኖርድቬስትሽታት ሰፈር፣ ስምንተኛ ፎቅ፣ አንድ ቤት ውስጥ ሆነን እሷ ለሂሩት ትደውላለች። ሂሩት መልሳ ለኔ ትደውላለች። «አባዬ፣ ምሳ ቀርቧል ብላለች እማዬ።» እኔም ቀና ስል ምሳው እፊቴ ነው።

ዝም ብለህ ተቀመጥክ እንዳትሉኝ። ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሌ ልኬባት ነበር። አስካለ በወግ አበልታ «እናንተም ስትስቁ አይቻለሁ። የሳቀ ሰው አይዳኘኝም» ብላ ሸኘቻቸው። የፍራንክፈርት አበሻ እንዳለ ስቋል... ታዲያ ማንን ልላክ?

እንግዲህ አውቶቡሱ መጣ። ሹፌሩ ሻንጣችንን ጫነ። አስካለ ግን ንቅንቅ አልል አለች። ከአምስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየችኝ።

«እኔ አልሳፈርም» አለች። «ከተጣላሁት ሰው ጋር ‹ለፍቅረኞች› በተባለ አልጋ ተኝቼ፣ ታረቅን ብዬ ልጄን ልዋሻት? ሽማግሌ ሳይቀመጥ አልሄድም።»

«አስኩዬ፣ ሩብ ሰዓት ነው የቀረን! ሽማግሌ ከየት ላምጣ?»

በአገጯ ወደ አግዳሚው ወንበር ጠቆመችኝ። እንደኛው ኒስ የሚሄዱ ጀርመናውያን ባልና ሚስት ተቀምጠዋል። ሰውየው ነጭ ጢም አለው። ሚስቱ ከቴርሞስ ሻይ ትቀዳለታለች።

«እነሱ አልሳቁም» አለች።

«ጀርመንኛሽ ለገበያ እንጂ ለክስ መች ይበቃል?»

«አንተ ታስተረጉምልኛለህ። አንዲት ቀልድ ጣል ብታደርግበት ግን ሻንጣዬን አስወርጄ በኡ-ባን ባቡር ወደ ቤቴ!»

ተከሳሹም እኔ፣ አስተርጓሚውም እኔ።

ሄጄ ነገሩን አስረዳኋቸው። ባገራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ የማያዳላ ሰው መሀል ገብቶ ያስታርቃል፤ ዛሬ ተራው ለእናንተ ደርሷል አልኳቸው። ሰውየው ሰዓቱን አየ። «አሥራ ሁለት ደቂቃ አለን» አለ። ሚስቱ ጠጋ ብላ ለአስካለ ቦታ ለቀቀችላት። እኔ ቆሜ ቀረሁ። የበደለ አይቀመጥም።

«በሰው ፊት የተራረፈ ዕቃ አደረገኝ በላቸው» አለች አስካለ።

አልኳቸው።

«ይኼን ሁሉ ዓመት እህቴን እያሰበ ነው እንዴ የኖረው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ በላቸው።»

የተቆጣች እንጂ የተከፋች መስሎኝ አያውቅም ነበር...

እንደ ምንም ጨረስኩት። ሽማግሌው ይመክረኛል ብዬ ስጠብቅ ጠየቀኝ። «እውነት ነው?»

ስቀልድ ስኖር ይኼን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሰው ወይ ይስቃል፣ ወይ ይቆጣል። መቆሙም መቀለዱም ደክሞኝ ነበርና ወደ አስካለ ዞርኩ፤ ሳላውቀው በአማርኛ።

«የላክሁት ላንቺ ነው። አባትሽ ‹ትልቋ ሳትዳር ትንሿን አልሰጥም፣ ከፈለገ ትልቋን ይውሰድ› አሉ። እጠብቃለሁ ብዬ ላክሁባቸው። እህትሽ እስክትዳር ሁለት ዓመት ጠበቅሁ። እሳቸው እህትሽን እንዳይከፋት ብለው ደበቁት። እኔ ደግሞ ብነግርሽ ትኮሪብኛለሽ ብዬ... ገልብጬ ቀለድኩበት።»

ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ።

«ምን አለሽ?» አለቻት ጀርመናዊቷ።

አስካለ ሁለት ጣቷን ቀስራ፣ በዚያች በገበያ ጀርመንኛዋ፣ «ሁለት ዓመት... እኔን... ጠበቀ» አለቻት። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«እንግዲያው ይቅርታ ጠይቃትና እንግባ» ብሎ ሽማግሌው ፈረደ። «አንድ ደቂቃ ቀርቷል።»

ጉልበቷን ልስም ጎንበስ አልኩ። መጎንበሱስ ሆነልኝ፤ ቀና ማለት ነው ያቃተኝ! ሁለቱ ሽማግሌዎችና ተበዳይዋ ተጋግዘው አነሡኝ።

ኒስን ካነሣችሁብኝ፣ ባሕሩ ሰማያዊ ነው፤ ደረጃው ግን ለጠላት አይስጥ። አስካለ በመንገድ ሁሉ ሁለት ጣቷን እያነሣች ለአውቶቡሱ ሰው አወራች። ስንመለስ አዲስ አበባ ለእህቷ ደወለችላት። እህት ሆዬ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እኔስ መች እሺ እለው ነበር!»

አሁን የፍራንክፈርት አበሻ ባየኝ ቁጥር ሁለት ጣቱን ያነሣብኛል። ይሁን፣ ተራቸው ነው... እኔን የሚያሳስበኝ የመጪው ወር ሰርግ ነው፤ ማይኩን የምትይዘው አስካለ ናት አሉ።