ዳንቴል የለበሰው ሞኒተር

ዛሬ መካኒሳ እናቴ ቤት ላፕቶፔን ጠረጴዛ ላይ ትቼ እጄን ልታጠብ ሄድኩ። ስመለስ ዳንቴል ለብሶ ጠበቀኝ!

እናቴ በዘጠናዎቹ የመጀመሪያውን ኮምፒውተሬንም እንዲሁ ታለብሰው ነበር። ያኔ ቤታችን ውስጥ ዳንቴል የማንለብሰው እኛ ብቻ ነበርን።

የዚያ ኮምፒውተር ሞኒተር ወር ሳይሞላው ድርግም ብሎ ጠፋ። ታቅፌው በታክሲ ወደ ገዛሁበት ሱቅ ወሰድኩት፤ እናቴ አቧራ እንዳይነካው ብላ ዳንቴሉን ደርባበታለች።

ሻጩ ዳንቴሉን በሁለት ጣቱ አንስቶ፣ "እህቴ፣ ይሄ ነው አፍኖ ያቃጠለው። ዋስትናው አይሸፍነውም" አለኝ።

ልወጣ ስል ባንኮኒው ላይ ያለውን የራሳቸውን ሞኒተር አየሁት። ነጭ ዳንቴል፣ በላዩ የፕላስቲክ አበባ።

ተመልሼ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። "ወንድሜ፣ የእናንተው ከነአበባው ሳይታፈን የኔ እንዴት ታፈነ? መልሱን ሳልሰማ አልነሳም" አልኩት።

እሱ ደንበኛ ሲያስተናግድ፣ እኔ ለገባው ሁሉ ሁለቱን ዳንቴሎች አሳያለሁ። ለምሳ ሊዘጉ ሲሉም ንቅንቅ አላልኩም።

በመጨረሻ አዲስ ሞኒተር አወጣልኝ። የራሳቸውን ዳንቴል ደግሞ ቀስ ብሎ አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

እናንተስ ዋስትና ስትጠይቁ ምን ዓይነት ሰበብ ተሰጣችሁ? ጻፉልኝ፤ ብቻ ቶሎ በሉ፣ እናቴ ዳንቴሉን ይዛ አጠገቤ ቆማለች።