የአበልጅ መኪና

የተወለድኩት አንኮበር ነው። ከቤታችን በታች ገደሉ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ወድቆ ነበር። እንዴት እንደወደቀ ለእኛ ለልጆች የነገረን የለም። የሚያወጣው ጠፍቶ እዚያው ዛገ፤ ዝናብ ሲመጣ ፍየሎች ይጠለሉበት ጀመር። ያንን መኪና ቁልቁል ሳላይ ውሃ ቀድቼ የተመለስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ካደግኩ፣ ከተማርኩ፣ ደብረ ብርሃን ገብቼ ትዳር ከያዝኩ በኋላም መኪና ውስጥ ተቀምጬ ቁልቁለት ሲጀምር እነዚያ ፍየሎች ይታዩኛል።

ስለዚህ ልጄ መኪና ልትገዛ ነው ሲባል ደስ አላለኝም። ልጄ ነርስ ናት። አልዩ አምባ ተመድባ ሰኞ ትንሹን ልጇን ይዛ ትወርዳለች፤ ዓርብ ትመለሳለች። ሚኒባሱ ሰው እንደ ጆንያ ይደራርባል። ጉም ሲወርድ ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የሚነዳው።

«እኔው ብነዳ ይሻላል እማዬ፤ ቢያንስ ማን እንደያዘን አውቃለሁ» አለችኝ።

ከመግዛታችሁ በፊት መኪናዎቹን ልያቸው ብቻ አልኳት። ሁለት መኪናዎች ተገኝተው ነበር።

የመጀመሪያዋ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ የአንድ ሰው ንብረት ነበረች። ሰማያዊ ናት፤ ዕድሜዋ ከልጄ ዕድሜ ብዙም አይርቅም። በእኛ ከተማ ያገለገለ መኪና የሚታየው በጠዋት፣ ውርጩ ሳይለቅ ነው። ብርድ ላይ ያደረ ሞተር አይዋሽም ይባላል። ባለቤቱ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ቁልፉን ለልጄ ባል ሰጡት።

«ሦስቴ ታስላለች፤ ከዚያ ትነሳለች። አትደንግጥ» አሉት።

እንዳሉት አስላ ተነሳች።

«ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች?» አለ የልጄ ባል።

«ቆጣሪው ከቆመ ቆየ። እኔም የራሴን መቁጠር ትቻለሁ።»

«በሩ ለምንድን ነው የማይገጥመው?»

«በጨዋ ደንብ ስለምትዘጋው ነው። እንደ ባለዕዳህ ወርውረው።»

«ሌላስ ምን ችግር አለባት?»

«ዳገት ላይ ትለግማለች። ዘይት ትወዳለች። ፍሬኗን ግን ሸራው ሳያልቅ ነው የማስቀይረው። እኔ ፈሪ ሰው ነኝ።»

የልጄ ባል ወጥተን ስንሄድ እየሳቀ፣ «ሰውየው ሊሸጧት ነው ወይስ ሊከሷት?» አለ። እኔ «ፈሪ ሰው ነኝ» ያሉት ከጆሮዬ አልወጣም።

ሁለተኛዋ የአበልጃችን ነበረች። የልጅ ልጄን ክርስትና ያነሱት ነጋዴ ናቸው። ዕድሜያቸው ከልጄ ባል ጋር እኩል ቢሆንም በአበልጅነታቸው አንቱ እላቸዋለሁ። መኪናዋ ነጭ ናት፤ ማርሿን ራሷ የምትቀይር አውቶማቲክ። የተሠራችበት ዓመትም ቅርብ ነው፤ ቆጣሪዋ ላይ ያለው ኪሎ ሜትርም ትንሽ ነው። ስንደርስ ሞተሯ እየሠራ ጠበቀን።

«ብርድ እንዳይመታችሁ ብዬ ነው ያሞቅኋት» አሉን አበልጃችን።

ልጄ መሪውን ይዛ ስትስቅ አየኋት። ብዙ ጊዜ ስትስቅ አላያትም። እኔ ዝቅ ብዬ እግሯን ሳይ የፍሬኑ መርገጫ ላይ ያለው ጎማ አልቆ ጠርዙ ላይ ብረቱ ወጥቷል። ቆጣሪዋ ትንሽ ይላል፤ ጫማ ግን ብዙ ካልተሄደበት ተረከዙ አያልቅም። ስለ መኪና የማውቀው ነገር የለም፤ ስለ ጫማ ግን አውቃለሁ።

ቤት ስንገባ ጋራዥ ወስዳችሁ አስፈትሿት አልኳቸው። የልጄ ባል ፊቱ ተለወጠ።

«እማማ፣ የአበልጅ መኪና እንደ ገበያ በግ ጥርሷ አይታይም። በፋሲካ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

ያለው ልክ ነበር። ክርስትና ያነሳልህን ሰው ዕቃ ማስፈተሽ፣ ዋሽተሃል ብሎ በአደባባይ እንደመናገር ነው። እኔም ብሆን ደፍሬ አላደርገውም። ሰኞ ሊረከቧት ተስማሙ፤ ልጄም ያንኑ ቀን ልጇን ከኋላ አስቀምጣ ልትወርድባት አሰበች።

ያን ሰሞን የማስበው ልጇ የሚቀመጥበትን የኋላ ወንበር ነበር። መጨረሻ ላይ ወደ አበልጃችን ሱቅ ሄድኩ።

«ልጄ የምትሠራበትን አገር እስከ ዛሬ አላየሁትም። ቅዳሜ በመኪናዎ ቢያደርሱኝ» አልኳቸው።

«ምን ችግር አለ እማማ? እግረ መንገድዎንም የልጅዎን መኪና ይመርቁልኛል» አሉ። ደስ አላቸው።

እስከ አንኮበር ድረስ መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች። አበልጃችን ስለ ክርስትና ልጃቸው እያጫወቱኝ ነበር፤ ሲያድግ ሱቅ እንደሚያስቀምጡት፣ ሂሳብ እንደማይሰርቃቸው። በጥርጣሬዬ አፈርኩ። ልመለስ ልላቸው ነበር። ከዚያ መንገዱ ወደ ቆላ መውረድ ጀመረ።

የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ በደህና አለፍነው። ከዚያ በኋላ ጉሙ እየሳሳ ሲሄድ ታች ያለው አገር መታየት ጀመረ፤ እኔ ወደዚያ አላይም ነበር። የተቃጠለ ጨርቅ የሚመስል ነገር ሸተተኝ።

«ምን ይሸታል?»

«ገበሬ እሳት ለኩሶ ይሆናል» አሉ።

እሳት የለኮሰ ገበሬ አላየሁም። ወሬያቸውን አቆሙ። እግራቸውን አየሁ። አንድ ጊዜ ይረግጡ የነበረውን ፍሬን አሁን ደጋግመው ይረግጡት ጀመር፤ በረገጡት ቁጥር መርገጫው ወደ ወለሉ ይቀርባል። መኪናዋ ግን ፍጥነት እየጨመረች ነው። ማርሹን ወደ ታች ሳቡት፤ ሞተሩ ጮኸ እንጂ አልያዛትም። የሚቀጥለው ጠመዝማዛ ታየኝ፤ ከእሱ ወዲያ ያለው ሰማይ ብቻ ነው።

«ማርያም» አሉ በቀስታ፣ ለራሳቸው። ቀጥለውም፣ «እማማ፣ ይያዙ» አሉኝ።

ምን እንደምይዝ አላወቅኩም። ነጠላዬን ያዝኩ። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፤ የኋላ ጎማዎቹ እየተንጫጩ ተንሸራተቱ። በተራራው በኩል ለመንገድ ሥራ የተከመረ ጠጠር ነበር፤ መሪውን ወደዚያ ጠመዘዙት። መኪናዋ ክምሩ ላይ ወጥታ ዘንበል ብላ ቆመች። ትከሻዬ ከበሩ ጋር ተጋጨ። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣ ነበር።

መጀመሪያ የሰማሁት የአህያ ኮቴ ነው። ከአልዩ አምባ ገበያ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ አህዮቻቸውን አቁመው፣ ምንም ሳይጠይቁ ትልቅ ድንጋይ አንስተው ከጎማው ሥር አደረጉ። ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው አዩን።

«ደህና ናችሁ? አልሐምዱሊላህ በሉ» አሉ። መኪናዋን ዞር ብለው ተመለከቱና፣ «መልኳስ ሸጋ ነበር። ለቁልቁለቱ አህያዬን ላውሳችሁ?» አሉን።

አበልጃችን ሊስቁ ሞከሩ፤ ከንፈራቸው አልታዘዝ አላቸው። ሽማግሌው አህዮቻቸውን ነድተው ሄዱ። ወርደን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«ከተማ ውስጥ እንዲህ ሆና አታውቅም» አሉ።

«ከተማው ሜዳ ነው።»

«ስገዛት የነገሩኝን ነው የነገርኳችሁ እማማ። ማርያምን።»

አመንኳቸው። ዛሬም አምናቸዋለሁ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ወደ መኪናዋ ዞረው፣ «ሰኞ የክርስትና ልጄ ከኋላ ሊቀመጥ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ሌላ ሰው የሚናገር ይመስል ነበር።

መኪናዋን እዚያው ትተን ሽቅብ በሚወጣ የጭነት መኪና ተመለስን። ደብረ ብርሃን ልንገባ ስንል፣ «ለልጆቹ ምን እንበላቸው?» አሉኝ።

«እርስዎ የሚሉትን» አልኩ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ መጥተው፣ ቁጭ ሳይሉ፣ መኪናዋን ለሌላ ሥራ እንደሚፈልጓትና እንደማይሸጧት ለልጄ ባል ነገሩት። የሚበልጥ ገዢ አግኝተው ነው ብሎ አኮረፈ። እስከ ፋሲካ ድረስ ስማቸውን አላነሳም። እኔም አላስረዳሁትም። ለእሱ ብነግረው ከኩርፊያ የባሰ ነገር ይመጣል።

ልጄ ግን ትከሻዬ ላይ የበለዘውን አይታ፣ «መንገድ ላይ ምን ሆናችሁ እማዬ?» አለችኝ።

«ጉም ነበር።»

አተኩራ አየችኝ። ሰማያዊዋን ገዛች፤ መጀመሪያ ግን ጋራዥ አስገብታ አስፈተሸቻት። ባለቤቱ አልተቀየሙም። እንዲያውም ካልታየች አልሸጥም ብለዋት ነበር።

በመጀመሪያው ሰኞ አብሬ ወረድኩ። ልጁ ከኋላ ተኝቷል። በሩን እንደ ባለዕዳ ወርውሬ ዘጋሁት። ያ ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ የሽማግሌው ድንጋይ እዚያው ነበር፤ ነጯን መኪና አንስተዋታል። ልጄ በከባድ ማርሽ ቀስ እያለች ትወርዳለች፤ ሞተሩ ያጉረመርማል። እኔ ወለሉን በሁለት እግሬ ተጭኜ ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣብቋል።

«እማዬ፣ በአንቺ በኩል ፍሬን የለም እኮ» አለች ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።

«አንቺ የራስሽን ያዢ» አልኳት። እግሬን አላነሳሁም።