የወር ክፍያው ቪዲዮና የጌታቸው ትከሻ

የመጀመሪያው ምልክት ሳሙና ነበር። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ላይ መስመር የሚያወጣው ባለቀ ሳሙና ስባሪ ነው፤ ባለቤቴ ጌታቸውም ሳሙናውን አሹሎ በሁለት ጣቱ ይይዛል። ያን ቀን ረፋድ ላይ ጅጅጋ ገበያ ባለችው ሱቃችን እኔ ከፊት ጨርቅ እለካለሁ፣ እሱ ከኋላ ይቆርጣል። ሳሙናው ከእጁ ወደቀ። አነሳው። ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ እጅህን ቅቤ ቀብተኸዋል እንዴ?" ብዬ ቀለድኩበት። ሊመልስልኝ ዞረ። አፉ ወደ ግራ ተጣሟል።

ቃል አልወጣውም። ቀኝ እጁ ተንጠለጠለ። ቀኝ እግሩ ከዳው። ጠረጴዛውን ተደግፎ ቁጭ አለ፣ ከዚያ ተንሸራተተ። እኔ ሜትሩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከጎናችን ሽቶ የሚሸጡት ሐጂያ ሳህራ ናቸው ሮጠው የገቡት፤ ሻሻቸውን ከጭንቅላቱ ሥር አድርገው ባጃጅ ያስቆሙትም እሳቸው።

ጅጅጋ የተቀበለን ሐኪም ደም ግፊቱን ሁለቴ ለካ። "ስትሮክ ነው። ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል፤ ወደ ሐረር እልካችኋለሁ" አለ። ሐረር ያለው ሐኪም ደግሞ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅሎ እያሳየኝ፣ "በግራ በኩል ያለ የአንጎል ደም ሥር ተደፍኗል። ኢስኬሚክ ስትሮክ እንለዋለን። ቀኝ አካሉንና ንግግሩን ነክቶታል። ንግግር ሲጠፋ አፌዥያ ይባላል። አይሰማም ብለው እንዳያስቡ፤ የሚሉትን አብዛኛውን ይረዳል። መመለስ ነው ያቃተው" አለኝ። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉልኝ። እኔ ልብ አላልኳትም።

ከሐረሩ ሆስፒታል ለመውጣት ስንዘጋጅ ፊዚዮቴራፒስቷ መጣች። ረድኤት ትባላለች፤ ቀጭን፣ ቆጣ የምትል ልጅ ናት። ክንዱን በትራስ ደግፋ፣ "ይህን ትከሻ አሁን አጥብቆ የያዘው ጡንቻ የለም። ክንዱን ወደ ላይ እንዳትጎትቱት። ሲቀመጥ ትራስ፣ ሲቆም ማንገቻ። በወር በወር አምጡልኝ፤ ምን እንደሚጨመር እኔ አይቼ ነው የምወስነው" አለች። እሺ አልኳት። ከዚያ የልቤን ጠየቅኳት፦ መቀስ ይይዛል? ጅጅጋ ውስጥ ድራዕ፣ ያንን ሰፊውን የሱማሌ ቀሚስ፣ የምታሰፋ ሴት ሁሉ ጨርቋን ይዛ ጌታቸው ጋ ነበር የምትመጣው፤ ዓይኑን ጣል አድርጎ፣ ሳይለካ የሚቆርጥ ሰው ነው። ያ እጅ ከሌለ ጌታቸው ምን ሆኖ ይኖራል? ረድኤት ጣቶቹን ነካካች። "ቃል አልገባም። ግን የመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ነገር የሚመለስባቸው ናቸው። ከጠበቃችሁት ተስፋ አለው።"

የመጀመሪያውን ወር ጠበቅነው። አስፕሪኑን፣ የግፊቱን አምሎዲፒን በሰዓቱ እሰጠው ነበር። ረድኤት ያለችንን እንቅስቃሴ አሠራሁት፣ ቀጠሮውንም አከበርኩ። በቀጠሯችን ቀን አውራ ጣቱ ብቻዋን ተንቀሳቀሰች። ትንሽ ናት፣ ግን ተንቀሳቀሰች። ረድኤት ሳቀች፤ እኔ አለቀስኩ፤ ጌታቸው አውራ ጣቱን ደጋግሞ እያንቀሳቀሰ አሳየን።

እንግዲህ አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ይህን የምጽፈውም ጥፋቴን ለመናገር ነው፤ ቤታቸው በሽተኛ ያለ ሰዎች ዛሬም ድረስ "ያ የወር ክፍያ የስፖርት ቪዲዮ ይጠቅማል ወይ?" እያሉ ይጠይቁኛል።

ከእኛ መደዳ አብዲ የሚባል ኮምፒውተር ቤት ያለው ጎልማሳ አለ፤ ፊልምም ትምህርትም በፍላሽ ይሞላል። ኤዶ ይለኛል፣ በሱማሌኛ አክስቴ እንደማለት ነው። ውጭ አገር ያለ የአጎቱ ልጅ በየወሩ እየከፈለ ቤቱ ስፖርት የሚሠራበት አገልግሎት ነበረው፤ አብዲም ቪዲዮዎቹን አውርዶ በፍላሽ ይሰጥ ነበር፣ እሱም በወር እያስከፈለ። ቴሌቪዥናችን ላይ ሰክተን ማየት ነው። አንዲት ፈገግተኛ ፈረንጅ ምንጣፍ ላይ ሆና እየቆጠረች ታሠራለች። የመጀመሪያው ወር ቪዲዮ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሁለተኛው ቆሞ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከበድ ያለው ነው፤ ወር በተከፈለ ቁጥር ደረጃው ይጨምራል። አብዲ አልዋሸኝም። "ኤዶ፣ እኔ ማውረድ ነው የማውቀው። ይሄ ለጤነኛ ሰው ነው መሰለኝ። ሐኪም ጠይቂ" ብሎኝ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ፣ ከዚያ ከሐረሩ ቀጠሮ መልስ የመጀመሪያውን ፍላሽ ከፍዬ ወሰድኩ።

ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ በመጀመሪያ ጠቅሞናል። ቤቱ ከስትሮኩ ወዲህ የለቅሶ ቤት መስሎ ነበር፤ ያ ሙዚቃ ሲከፈት ጌታቸው ቀና ይላል። ጠዋት ጠዋት ወንበሩን ቴሌቪዥኑ ፊት አደርግለታለሁ፣ አብረን እግር እናነሳለን፣ እኔም የወገብ ሕመሜ ተሻለኝ። ወሩ ሲያልቅ ሰው ሳይደግፈው ቆመ። ልቤ ሙልት አለ። ታዲያ ወደ ሐረር የመሄጃችን ቀን ሲደርስ፣ "ምን ያደርግልናል፣ ቤታችን እየተሻለው አይደል" ብዬ ተውኩት። መንገዱ ሩቅ ነው አልኩ። ይህን የምለው እኔ ነኝ፣ ጨርቅ ላመጣ ጠረፍ ድረስ ቶጎ ውጫሌ ለመሄድ አንድ ቀን እንኳ መንገድ ርቆኝ የማያውቀው። በሁለተኛው ወር እስከ በር ተራመደ፤ ያንንም ቀጠሮ አስቀረሁ።

ሦስተኛው ፍላሽ የትከሻ ነበር። ሴትየዋ ላስቲክ በር ላይ አንጠልጥላ በሁለት እጇ ወደ ላይ ትስባለች። ላስቲክማ ከእኛ ሱቅ በላይ ማን አለው? ለቀሚስ ወገብ ከምንሸጠው ጥቅል ቆረጥኩና አንዱን ጫፍ ቀኝ እጁ ላይ አሰርኩ፣ በበሩ ላይ አሳልፌ እኔ ከወዲያ ሳብኩ። ረድኤት ያለችኝ ትዝ አላለኝም ብዬ አልዋሽም። ትዝ ብሎኛል። ያኔ ያለችው ለመጀመሪያው ሰሞን ነው፣ አሁን እኮ ሦስተኛ ደረጃ ደርሰናል አልኩ። እዩት የነጋዴ ጭንቅላት። እኛ ገበያ ውስጥ ያደግን ሰዎች የተከፈለበት ነገር ሜዳ ላይ ሲቀር አንወድም። ወሩን ከፍለን ቪዲዮውን ግማሽ መሥራት ለእኔ የገዛሁትን ጨርቅ ቆርጦ እንደመጣል ነበር። ሴትየዋ አሥራ ሁለት ከቆጠረች አሥራ ሁለት ነው። ደረጃ የሚያሳድገው የጌታቸው ክንድ ሳይሆን የወሩ ማለቅ እንደሆነ አላስተዋልኩም።

ስስብ ፊቱ ይጨማደዳል። እንባው ይወርዳል። ስድስት፣ ሰባት ላይ ስንደርስ ግራ እጁን ያነሳና እጄ ላይ ያሳርፈዋል። በርታ የምለው እኔ ሆኜ ሳለሁ፣ እሱ እኔን አይዞሽ የሚለኝ መሰለኝ። ለመጣ ለሄደው አወራሁት፣ "መናገር ባይችልም እጄን ይዞ ያበረታታኛል" እያልኩ። ከዚያ እስከ አሥራ ሁለት እጨርሳለሁ።

አንድ ቀን ሸሚዝ ሳለብሰው ሐጂያ ሳህራ ነበሩ። ሊጠይቁት መጥተው። ቀረብ ብለው ትከሻውን አዩት። "አስካለ፣ ይሄ ወርዷል" አሉኝ።

አየሁ። ከትከሻው አጥንትና ከክንዱ መካከል ጎድጓዳ ነበር። እጁ አብጦ ያብረቀርቃል። በየቀኑ አጥበዋለሁ። በየቀኑ አለብሰዋለሁ። አላየሁም።

በነጋታው ሐረር ነበርን። ረድኤት ሁለት ጣቷን ጎድጓዳው ውስጥ አስገባች። ጌታቸው ጮኸ። ድምፁን ከሰማሁት ወራት ሆኖኝ ነበር።

"ሰብላክሴሽን ነው" አለች። "መገጣጠሚያው ወርዷል። ክንዱን ወደ ላይ ስትጎትቱት ነበር?"

ፍላሹን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተችው። ፈገግተኛዋ ሴትዮ መጣች፣ ሙዚቃው ተነሳ። ረድኤት ትንሽ አየችና ዘጋችው። "እማማ አስካለ፣ ይህች ሴት የምታናግረው ጤነኛ ሰው ነው። ጌታቸውን አታየውም።" ከዚያ አውራ ጣቱን እንዲያንቀሳቅስ ጠየቀችው። ሞከረ። ዓይኑን ጣቱ ላይ ተክሎ ሞከረ። ምንም የለም። "የዛሬ ሁለት ወር ብትመጡ..." ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። መስኮቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ። በቁሜ ነው የሞትኩት።

ከዚያ ወዲህ ያለው ረጅም ነው፣ ቀስ ያለም ነው፤ ማንገቻ፣ የሚያስታግስ መድኃኒት፣ እብጠቱን የሚቀንስ ጓንት፣ በወር አንዴ የነበረው ቀጠሮም በየሁለት ሳምንቱ ሆኖ፣ በማለዳ ሚኒባስ እየተሳፈርን የማርዳን ተራራ አልፈን ባቢሌ ላይ ውሃና ሙዝ እየገዛን፣ ሐረር ደርሰን ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ያለፈ አንድ ዓመት ከምናምን። ሕመሙ ቀነሰ። እግሩ በረታ፤ አሁን በከዘራ ገበያ ድረስ ይሄዳል፣ ያዩት ሁሉ ሰላም ይሉታል። እጁ ግን አልተመለሰም። አውራ ጣቱ ዳግም አልተንቀሳቀሰችም። የሐረሩ ሐኪም፣ "ያለዚያም ላይመለስ ይችል ነበር፣ እርግጠኛ መሆን አይቻልም" ይለኛል፤ ደግ ሰው ስለሆነ ነው። እኔ ያቺን የመጀመሪያ ወር አውራ ጣት በዓይኔ አይቻታለሁ። ትልቁ መቀስ ዛሬም ሱቁ ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ላወርደው እጄ አይሄድም።

አብዲ ሲሰማ ሱቄ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ አልገባም። "ኤዶ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁሽ" አለ። አንተማ ነግረኸኛል፣ ግባ አልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለታመመ ሰው ቪዲዮ የሚጠይቀውን ሁሉ መጀመሪያ እኔ ጋ ይልካል። እኔም የማውቀውን እነግራለሁ፦ ይጠቅማል። ጤነኛ ሆናችሁ ሰውነታችሁን ልታፍታቱ ከሆነ ክፈሉ፣ ሥሩ፣ እኔም ለወገቤ እስካሁን እሠራለሁ። በሽተኛ ካላችሁ ግን ፍላሹን ወይም ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ የቱን ይሥራ፣ የቱን ይተው ብሎ ይምረጥላችሁ። ወሩ ስላለቀ ብላችሁ አትጨምሩ። ያልተሠራበት ወር ቢባክን ይባክን፣ ገንዘብ ነው። ቀጠሮ አትዝለሉ። ስታለብሱት ትከሻውን ተመልከቱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አፍ የሌለውን ሰው ፊቱን አንብቡ። ሐጂያ ሳህራን፣ ረድኤትን፣ ሁለቱን ሐኪሞች እግዜር ውለታቸውን ይክፈልልኝ፤ እኔ አልችልም።

ንግግሩ ዘግይቶ መጣ። ረድኤት ሥዕል ያለባቸው ካርዶች ሰጥታን ነበር፤ ሱቅ ተቀምጠን ደንበኛ ሲቀዘቅዝ እናጠናለን። መጀመሪያ ውሃ አለ፣ ቀጥሎ ስሜን፣ ከዚያ የጨርቅ ዓይነቶችን፤ ፖፕሊን ያለ ቀን ሱቁ በሳቅ ደመቀ። ሁለት ሦስት ቃል ማገጣጠም ሲጀምር እኔ ውስጥ ውስጡን ፈራሁ፤ ምን እንደምፈራ ግን አላውቅም ነበር።

አንድ ጠዋት ክንዱን ላጥበው ትንሽ ቀና ሳደርገው፣ ግራ እጁን አንስቶ እጄ ላይ አሳረፈው። ልክ እንደዚያን ጊዜው።

"ያኔ" አለ። ቃሉን ፈለገው። "ያኔ... አሞኝ ነበር።"

የማጥቢያው ጨርቅ ከእጄ ወደቀ።

"ተይ... ስልሽ ነበር" አለ። ቁጣ የለበትም። የጠፋበትን ዕቃ አግኝቶ እንደሚያሳይ ሰው ነው ያለው።

ይቅር በለኝ አልኩት። እግሩ ሥር ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አልኩት። ራሴን ዳበሰኝ፣ በግራው። ይቅር አለኝ አላለኝ እሱ ያውቃል፤ ቃሉ ገና አልመጣለትም፣ እኔም ዳግም አልጠየቅሁትም።

አሁን እሱ ሳሙናውን በግራ እጁ ይዞ መስመር ያሰምራል፣ እኔ በትንሹ መቀስ እቆርጣለሁ። ስሳሳት እጁን እጄ ላይ ያሳርፋል። ወዲያው አቆማለሁ።