እንሰት መሃል የቆመችው ጀልባ

ቡታጅራ ሶላር ስሸጥ ብዙ ዓይነት ደንበኛ አይቻለሁ፤ ለጀልባ ብለው የመጡት ግን ጋሽ ወልዴ ብቻ ናቸው። ዕድሜያቸውን ዝዋይ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረው፣ ሲያረጁ ከባለቤታቸው ጋር ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው።

«ባትሪው ከሞተ ሦስት ሳምንቱ ነው። ቻርጅ አድርግልኝና ዳግመኛ እንዳይሞት ሶላር ስጠኝ» ብለው ትልቁን የሶላር ፓኔል አነሱ።

«ሞተሩ በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል?»

«ሞተሩንማ ሸጥኩት። የቀረው ጥሩምባው ነው።»

«ታዲያ ትልቁ ባትሪውን ከመጠን በላይ ሞልቶ ያፈላዋል፤ ትንሿ ትበቃዎታለች» ብዬ ልገጥምላቸው አብሬያቸው ሄድኩ። ሐይቁ ድረስ የምንሄድ መስሎኝ ነበር። ጀልባዋ ለካ ጓሯቸው፣ እንሰቱ መሃል ቆማለች! ሳቄን ዋጥ አድርጌ ገጥሜ ስጨርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር።

ጋሽ ወልዴ ጫማቸውን አውልቀው ጀልባዋ ውስጥ ገቡ።

«ዝዋይ እያለን ባለቤቴ ድስት የምትጥደው ይህን ስትሰማ ነበር» አሉኝና ጥሩምባውን ሁለቴ ነፉት።

ከቤት ውስጥ ክዳን ሲንኳኳ ተሰማ። ወዲያው ባለቤታቸው ጮክ ብለው፣

«መጣህ? ግባ፣ ቆጮው ደርሷል!» አሉ። «ግን አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ የት ጠፍተህ ነው?»