አልጄሪያ የተገኙት ቦኖዎች

ችግሩ ኔትወርክ አይደለም። ቦንጋ ላይ ያልተከፈተ ነገር ሁሉ ኔትወርክ ነው ይባላል፤ እኔም ከቢታ ገነት ለምትደውለው የጤና ባለሙያ ሳምንት ሙሉ የነገርኳት ይህንኑ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ድረ ገጽ ላይ ያለው ካርታ የተበላሹትን የውሃ ቦኖዎች አላሳይ ብሏል፤ ጠጋኞቹ ደግሞ ካርታው ላይ ወዳልታየ ቦኖ አይሄዱም።

«ጋሼ፣ ይኼ ኔትወርክ መንገዱን እያሳየ ቦኖውን ብቻ ነው የሚደብቀው?» አለችኝ።

አፈርኩና የቦኖዎቹ መገኛ የተጻፈበትን ፋይል ከፈትኩ። ኬክሮስና ኬንትሮሱን አቀያይሬ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ካርታውን ወደ ሰሜን ምዕራብ ብገፋው ቦኖዎቻችን አልጄሪያ ላይ ተሰልፈዋል። አስተካከልኩ፤ ጠጋኞቹ ሄዱላት፤ እሷም መደወሏን ተወች። ከዚያ ወዲህ ስለ ካርታው የጠየቀኝ የለም፤ ለካ የምትከፍተው እሷ ብቻ ነበረች።

ክፈቱት፤ ስህተት ካገኛችሁበት ደውሉልኝ።