ጨረቃ ጠባቂው አዛውንት

በእስክንድርያ የባሕር ዳርቻ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ አዛውንት ይመጣሉ። በደንብ የተተኮሰ ኮት ለብሰዋል። ከትከሻ ቦርሳቸው ለጀማሪ የሚሸጥ ርካሽ ቴሌስኮፕ አውጥተው በሦስት እግሩ ያቆሙታል። ለጠየቃቸው ሁሉ "ጨረቃን እየጠበቅኩ ነው" ይላሉ። ቱቦው ግን ወደ ሰማይ ቀና ብሎ አያውቅም፤ ከወደቡ ማዶ ወዳሉት ሰገነቶች ነው የሚያነጣጥረው።

እዚያው ዳርቻው ላይ ግብጦ የምትሸጠው ራውያ አንድ ቀን አላስችል አላት።

"ሐጂ፣ በዚህ ዕድሜዎ የሰው ሚስት ሲያዩ አያፍሩም?"

"አፍራለሁ እንጂ" አሉና አንገታቸውን ደፍተው ከቴሌስኮፑ ዞር አሉላት።

ራውያ ጎንበስ ብላ በቱቦው ብታይ፣ አንዲት ሴት ሰገነት ላይ ልብስ ታሰጣለች፤ ሕፃን ልጅ ቀሚሷን ይዞ ይንገዳገዳል።

"ልጄ ናት፤ ያለ ፈቃዴ አገባሽ ብዬ ያባረርኳት" አሉ። "ልጇ ዛሬ መራመድ ጀመረ። ስሙን እንኳ አላውቀውም።"